ጥብ ጥብ ወይስ ድም ድም

ሰፈሩ በሙሉ ጆሮ ነው የሚላት። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያስታውሰው ግን ባሏ ብቻ ነው፣ እሱም ሲናደድ።

ጆሮ የተባለችው ደግሞ እንዲሁ ለጨዋታ አይደለም። ድሮ ድሮ ጋራዧ በር ላይ ቆማ እጇን በሳሙና እያሸች፣ ከጀርባዋ ሞተር ሳይክል ሽው ብሎ ሲያልፍ ዘወር እንኳ ሳትል «የዚያ ሰውዬ ሰንሰለት ላልቷል፣ ነገ ይመጣል» ትላለች። በነጋታው ሰውየው ሞተሩን እየገፋ ከች! አንዴማ የጎረቤት ማቀዝቀዣ በግድግዳ በኩል ሰምታ «ይሄ እስከ እሁድ አይቆይም» አለች። ቅዳሜ ማታ ጭጭ አለ። ጎረቤቶቹ አሟርታብን ነው ብለው አንድ ወር አኮረፏት። እንዲህ ዓይነት ሴት ናት፣ በቃ!

እና አሁን ጉዱ ምን መሰላችሁ? ጆሮ አትሰማም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭንቅላቷን ሞተር ስር ከትታ ስትኖር ጆሮዋ ቀስ በቀስ ጥሏት ሄደ። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት። ከዚያ የስልክ ጥሪ። ባሏ «ከሁሉም በፊት የጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ስጠራት ሰምታኝ አታውቅም» ይላል። ካለፈው ሁለት ዓመት ወዲህ ግን ቀልዱም አለቀ፤ ዓለም ጸጥ አለባት። ይህን ከባሏ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ከንፈር ታነባለች፣ ሞተሩን በመዳፏ ትዳብሳለች፣ ከዚያ «እ... ባልቦላው ነው» ትላለች፣ ባልቦላው ይሆናል! ማንም አልነቃም። ምክንያቱም ሰው ከነቃ አለቀላት። ጆሮ የምትባል የማትሰማ መካኒክ ጋ ሞተሩን ይዞ የሚመጣ ማን ሞኝ አለ? ሥራዋን ከወሰዱባት ደግሞ ምን ይቀራታል? ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ይሄንኑ ነው።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁና ጋራዡ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፣ መሀል ላይ በር አለ። ከስፌት መኪናው እግር ጀምሮ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ እስከ ጆሮ የሥራ ጠረጴዛ የሚደርስ ሲባጎ ዘርግቷል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ ተንጠልጥላለች። አንዴ ሲስበው ቁልፏ ትወዛወዛለች፤ ደንበኛ መጣ ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ «ዙሪ፣ ከኋላሽ ሰው እያወራ ነው»። ሦስቴ ከሆነ «ምሳ ቀርቧል»። ፍቅር ማለት ይሄ አይደል? ሲባጎ!

ሐሙስ ጠዋት ቁልፏ አንዴ ተወዛወዘች። ጆሮ ቀና ስትል የሰፈሩ አዋላጅ ገንዳዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

ገንዳዋ ማለት የአዋላጇ ሞተር ሳይክል ናት። እንደሷ ያለ ነገር የትም አይታይም። ሻንሲዋ የትንሽ ሞተር ሳይክል ነው፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ሞተር ግን ከትልቅ የተነቀለ። ጎኗ ላይ በራሱ ጎማ የሚሄድ ጋሪ ተበይዶባታል፤ ጋሪው ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የመታጠቢያ ገንዳ! አሮጌ፣ ነጭ፣ የቆርቆሮ ገንዳ፣ ውስጡ ፍራሽ የተነጠፈበት። የጭስ መውጫው ማርሚታ ለገንዳው ቦታ ሊለቅ በሞተሩ ሆድ ስር ተጠምዝዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። አዋላጇ ከዳገቱ በላይ ያሉትን ወላዶች ምጥ ሲይዛቸው በዚህ ገንዳ ጭና ታወርዳለች። ይህን ሁሉ በእጇ ቆርጣ፣ በይዳ፣ ገጣጥማ የሠራችው ጆሮ ናት። ስለዚህ አዋላጇ ገና ወደ ውስጥ ሳትገባ፣

«ጆሮዬ፣ ልጅሽ ታማለች!» አለች።

«ምን ሆነችብኝ?»

«ዳገት ስጀምር ከስር አንድ ነገር...» አለችና ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮ አፍጥጣ አየች። ድም። ድም። ድም።

«ቆማስ?» አለች።

«ቆማማ ምንም የላት። ሞቃ፣ ዳገት ላይ፣ ገንዳው ውስጥ ሰው ሲኖር ብቻ።»

ጆሮ ሞተሩን አስነስታ መዳፏን አሳረፈችበት። ገንዳዋ እንደተኛች ድመት ነዘረች፣ ምንም እንከን የለም። ቢሆንም ድም ድም፣ ከስር፣ ሸክም ሲበዛ፣ ይሄ እኮ የታወቀ ነው። ሞተሩ ሆድ ውስጥ ዋናውን ብረት የሚሸከመው ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነው። ኩሽኔታው ከተሰበረ ሞተሩ ባለበት ክርችም ይላል፣ የኋላ ጎማውን ይዞት።

«ሲስተር፣ ትከፈታለች። ኩሽኔታው ታዞ እስኪመጣ አሥር ቀን።»

«አሥር ቀን!» አዋላጇ የራስ ቁሯን አውልቃ ደረቷ ላይ አቀፈችው። «እላይ መንትያ ያረገዘች አለችኝ፣ ዛሬ ነገ የምትል! መኪና አይወጣበት፣ በእግር ሦስት ሰዓት። በምን ላውርዳት፣ በጀርባዬ?»

«ዳገት መሀል ከተሰበረ አንቺም፣ እሷም፣ መንትዮቹም ገደል ናችሁ። እያወቅኩ አልሰድሽም።»

አዋላጇ የራስ ቁሯን ገንዳው ውስጥ ወረወረችው። የጋውኗ ኪስ ተቀዶ ነበርና ባይሆን እሱን ላሰፋ ብላ ወደ ሰፊው ሱቅ ገባች። አረማመዷን ላየ ልብ ይሰብር ነበር።

ጆሮ ዘይቱን ከስር ፈታችው። ወደ ሳህኑ ሲንቆረቆር ጣቷን ከታ አሸችው። ኩሽኔታ የተበላበት ሞተር ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ይኖረዋል፤ ፀሐይ ላይ ሲያዩት እንደ ሴቶች የዓይን ቅብ ብልጭ ብልጭ ይላል። ይሄ ግን ንጹሕ ነው። እንደገና አሸችው። ለስላሳ። አሁን ግራ ገባት። የተበላው ብረት የት ገባ?

ደግማ ልትጠይቅ ወደ መሀሉ በር ሄደችና እዚያው ደርቃ ቀረች። አዋላጇ ለሰፊው ታሪኩን እየነገረችው ነው። እየነገረች በአንድ ጣቷ፣ በሌባ ጣቷ ጫፍ፣ የስፌት ጠረጴዛውን ትነካለች። ድምፁን ማሳየቷ ነው። ከጣቷ አጠገብ በሳህን የተቀመጡ መርፌዎች አሉ። አንዷም አልተንቀሳቀሰችም።

ድም ድም ቢሆን መርፌዎቹ ይዘሉ ነበር! ድም ድም የሚል ሰው በጣት ጫፍ አያሳይም፤ ጡጫውን ጨብጦ ነው የሚደበድበው። ታዲያ ይቺ ሴት ምን እያለች ነው?

አዋላጇ ጋውኗን ልታወልቅ ከመጋረጃው ኋላ ስትገባ ጆሮ ባሏ ልብስ የሚያስለካበት ትልቁ መስታወት ፊት ቆመች። አፏን ከፈተች። ዘጋች። እንደገና። ባሏ የመርፌውን ክር እየነከሰ ቀና አለ።

«ከመስታወቱ ጋር ነው ጠቡ?»

«ምን አልክ?»

«ጠብ፣ ጠብ! ተጣላችሁ ወይ ነው ያልኩት።»

ጆሮ ተወርውራ አገጩን በዘይት በተነከረ እጇ ያዘችው። «ድገመው።»

«ጠብ።»

«አሁን ደግሞ ደም በል።»

«ደም? አንቺዬ ምን ነካሽ?»

«በል ብዬሃለሁ!»

«ደም።»

«ጠብ።»

«ጠብ። ደም። ጠብ። ልቀቂኝ፣ ሸሚዜን አበላሸሽው!»

ይኸው! አንድ ዓይነት ከንፈር! ጠ እና ደ ምላስ ነው የሚሠራቸው፣ ጥርስ ኋላ ተደብቆ፤ ከውጭ ማን ያያቸዋል? ብ እና ም ደግሞ ሁለቱም ከንፈር ግጥም ነው። ለሚሰማ ሰው አራምባና ቆቦ ናቸው፣ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። አዋላጇ ድም ድም አላለችም። ጥብ ጥብ ነው ያለችው። ጤነኛ ሞተር ሆዱን ልትቀድለት ነበር!

«የምን ደም ነው? ማነው የደማው?» አለች አዋላጇ ከመጋረጃው ኋላ፣ ደም ሥራዋ ነውና።

«ማንም አልደማም ሲስተር፣ ጨዋታ ነው!» አለ ሰፊው ጮክ ብሎ። ከዚያ ድምፁን አጥፍቶ በከንፈሩ ብቻ ለጆሮ፣ «ንገሪያት» አላት።

«ከነገርኳት አለቅኩ» አለች እሷም በከንፈሯ ብቻ።

«ሴትዮዋ እኮ ሰው አትበላም።»

«አንተ ስፌትህን ስፋ። እኔ ሌላ መንገድ አለኝ።»

መንገዱ ምን መሰላችሁ! ዘይቱን መልሳ ሞላች፣ ከግድግዳው ላይ ረጅሙን ባለ እንጨት እጀታ ካቻቢቴ አወረደች፣ አዋላጇን «ነይ ዳገቱ ድረስ ንጂኝ፣ ድምፁን ስትሰሚ ግራ እጅሽን አንሺ» አለቻትና ገንዳው ውስጥ ገብታ ተጋደመች። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ መንጋጋዋ ላይ ደገፈችው። ጆሮዋ ቢሞትም አጥንቷ አልሞተም፤ ብረት ያወራውን እንጨቱ ለመንጋጋዋ ያቀብላል።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ የያዘውን ጎማ ጥሎ ሳቀ። «እትዬ ጆሮ! ገላሽን ልትታጠቢ ነው እንዴ?»

ከንፈሩን አይታዋለች። «አዎ፣ ሳሙና አቀብለኝ!»

ሄዱ። ሜዳውን ጨርሰው ዳገቱን ጀመሩ። ድንጋይ በተነካ ቁጥር የካቻቢቴው እጀታ ጥርሷን ያንገጫግጨዋል፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ከሞተሩ ጋር ወሬ ይዛለች። ጫፉን ከስር፣ ኩሽኔታው ጋ አደረገችው፤ ድብን ያለ ሰላም ነው። ወደ ላይ፣ አየር አስገብተው ጭስ የሚያስወጡት ባልቦላዎች ጋ ወሰደችው፤ እንደ ሰዓት እየቆጠሩ ነው። ማርሹ ጋ አደረገችው፤ ያንጎራጉራል። ዓይኗን ገለጠች። የአዋላጇ ግራ እጅ ወደ ላይ ተነስቷል!

ሴትዮዋ ድምፁን አሁን እየሰማች ነው። ብረቱ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ሌላ መካኒክ ቢሆን እዚህ ላይ ያብዳል። ጆሮ ግን ካቻቢቴውን ፍራሹ ላይ ጣለችው። ድምፁ ብረት ውስጥ ከሌለ የት ነው ያለው? አየር ውስጥ ነዋ! መዳፏን በምራቋ አረጠበች፣ ከገንዳው እስከ ወገቧ ወጣች፣ እጇን ማርሚታው ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ በስንዝር ርቀት ዘረጋች።

ጥብ። ጥብ። ጥብ።

ትኩስ ትንፋሽ ነው። ሕፃን ልጅ ሻማ ሊያጠፋ ሲሞክር እንደሚተነፍሰው፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እርጥብ መዳፏን ይነካታል። ጭሱ ቱቦው ውስጥ እንደመሄድ በመጋጠሚያው በኩል እየሾለከ ነው! ጆሮ ገና እንደ ልጅ ከት ብላ ስትስቅ ሞተሩ ድንገት ቆመ፤ ግንባሯ ከገንዳው ጠርዝ ጋር ተላተመ።

አዋላጇ ወርዳ ፊቷ ቆመች።

«ልትወድቂ ነው ብዬ ስድስት ጊዜ ጠራሁሽ።»

ጆሮ ግንባሯን አሸች።

«ስድስት ጊዜ፣ ጆሮዬ። ጎማው ስር ልትገቢ ነበር።» ጎንበስ አለችና ዓይኗን አየቻት። «አትሰሚም እንዴ?»

መልሱ እኮ ጆሮ አፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። «የሞተሩ ጩኸት ነው፣ ማን ይሰማል!» ማለት ብቻ ነው፤ በዚያው ያልፍ ነበር። ቀና ስትል ግን ዳገቱን አየችው፣ ጫፉ ላይ ያሉትን ቤቶች፣ በአንዱ ቤት ውስጥ ሆዷን ይዛ የምትጠብቀውን ሴት። ባልተሰማ ቃል የተነሳ አሥር ቀን ልታስጠብቃት ነበር።

«አልሰማም» አለች። «ሁለት ዓመቴ ነው። ጥብ ስትዪኝ ድም አየሁ። ሞተርሽን ያለ ጥፋቱ ልከፍተው ነበር። ይኸው። ለፈለግሽው ንገሪ።»

አዋላጇ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። የራስ ቁሯን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ጆሮ ዓይኗን ከከንፈሯ አልነቀለችም። ከዚያ፣

«ቆይ፣ ስለ አማቴ የነገርኩሽን ሁሉ አልሰማሽም ማለት ነው?»

«እሱን አንብቤዋለሁ። አንድም አላመለጠኝ።»

«ወይኔ ጉዴ!» አዋላጇ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ስታበቃ ዓይኗን ጠረገችና እጇን ዘረጋች። «እይው ይሄን። ሕፃኑ ራሱን ወዴት እንዳዞረ በምን የማውቅ ይመስልሻል? ሆድ ያወራል? በዚህ እኮ ነው። ስንቱን ሐኪም መሣሪያው ሲያሳስተው ይሄ አልሳተም። አንቺ ሳትሰሚ ያገኘሽውን እኔ እየሰማሁ ከስር ነው ስል ነበር።»

እውነቷን ነው! ማርሚታው በሞተሩ ሆድ ስር ስለሚያልፍ ድምፁን ተሸክሞ ወደ ታች ይወስደዋል። ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ከስር ነው ብሎ ይምል ነበር። ብረቱ ዝም ማለቱን የሰማችው እሷ ብቻ ናት።

አዋላጇ ተነስታ በአንድ ጣቷ የጆሮን ትከሻ ነካ ነካ አደረገች። ጥብ፣ ጥብ፣ ጥብ። «እንዲህ ነበር ያልኩሽ።»

ጋራዥ ተመልሰው ሲፈቱት ጥፋተኛው ማን ሆኖ ተገኘ? ራሷ ጆሮ! ባለፈው ወር ማርሚታው እንዳይንቀጫቀጭ ብላ ከገንዳው ክንድ ጋር በብረት በይዳው ነበር። ገንዳው ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ክንዱ ትንሽ ይለምጣል፤ ሲለምጥ ማርሚታውን ይስበዋል፤ መጋጠሚያው የፀጉር ያህል ይከፈታል። መሀሉ ላይ ያለው የመዳብ ቀለበት፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ በአንድ ጎኑ ተቃጥሎ ጥላሸት ለብሷል።

«የኔው እጅ ነው» አለች ለአዋላጇ፣ ሳትደብቅ። ብየዳውን ቆረጠችው። ከጎሚስታው የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ወስዳ ማርሚታውን በላስቲክ አንጠለጠለችው፤ ከእንግዲህ ገንዳው ሲወዛወዝ እሱም እንደልቡ ይጨፍር። አዲስ የመዳብ ቀለበት ከመሳቢያዋ አውጥታ በእሳት እስኪቀላ አግላ ውኃ ውስጥ ጨመረችው፣ እንዲለሰልስና ቦታውን አጥብቆ እንዲይዝ። ብሎኖቹን አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ ተራ በተራ አጠበቀች። እጇ ሲሠራ ማየት! አንዲት ብሎን አልሳተችም።

ከምሳ በኋላ አዋላጇ ጎሚስታውን ገንዳው ውስጥ አስቀምጣ ዳገቱን ወጣች፣ ወረደች። ስትመለስ የጆሮን ትከሻ ያዘች፤ በጣቷ ግን አልመታችም። መዳፏን ዝም ብላ አሳረፈችበት። ዝምታውን ማሳየቷ ነው።

ጆሮ በዚያው እግሯ ወደ ባሏ ገባች። «ጨርቅና ክር አምጣ።»

«ምን ልትሰፊ?»

«አንተ ነህ የምትሰፋው። በትልልቁ።»

አርብ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰቀለ፤ በቀይ ክር እንዲህ ይላል፦ «ጆሮ አትሰማም። ድምፁን ትከሻዋ ላይ ምቱ።»

አርብ ማንም አልመጣም። ሰው ያነባል፣ ይቆማል፣ ያልፋል። ሲባጎው አንዴም አልተሳበም፤ ጆሮ መሣሪያዋን ሦስቴ ጠረገች። ማታ ባሏ ምንም አልቀለደም፣ ይሄ ደግሞ ባሰባት።

ቅዳሜ ጠዋትም ያው ነው። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቁልፎቿን እየደረደረች ሳለ አንድ ነገር ትከሻዋን ነካት። ዘወር አለች። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ በሩን የሚሞላ ግዙፍ ሰው፣ ኮፍያውን አውልቆ እንደ ተማሪ ቆሟል። በወፍራም ጣቱ ደግሞ መታት፤ ሁለት ፈጠን ያለ፣ አንድ ዘግየት ያለ።

ጆሮ ዓይኗን ጨፈነች። «እስኪ ድገመው።» ደገመ። «ጠዋት ጠዋት ሲቀዘቅዝ ነው አይደል? ሲሞቅ ይጠፋል።»

ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እንዴት አወቅሽ? እኔ እኮ ገና ምንም አላልኩም! መንታ የወለደችው እህቴ ናት፤ ሲስተር በገንዳው ስታወርዳት 'ጆሮ ጋ ሂድ' አለችኝ።»

«ወለደች? ሁለቱም ደህና?»

ሹፌሩ ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። በሁለት እጁ ትከሻዋን መታው፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ ሁለት ትንንሽ ልቦች።

ከሹፌሩ ኋላ ሌላ ሰው ሞተሩን እየገፋ መጣ፣ ከሱም ኋላ ጎሚስታው፣ የሚጠገን ነገር ባይኖረውም ትከሻዋን ሊመታ ብቻ ተሰልፎ። ጠረጴዛው ላይ ቁልፏ ሦስቴ ተወዛወዘች፣ ምሳ። ጆሮ ጭንቅላቷ የሹፌሩ መኪና ስር ነው፤ ሲባጎውን አላየችውም። ቁልፏ እንደገና ሦስቴ፣ ከዚያ አሁንም ሦስቴ። በመጨረሻ ባሏ ራሱ ከሱቁ ወጥቶ መጣ፣ ተንበርክኮ ጫማዋን ሦስቴ መታ።

«ሰምቻለሁ!» አለች ጆሮ ከመኪናው ስር። «ምን ያስጮህሃል?»